ውሻን በቤተሰብ መኪና ይዞ ወደ ሆሳዕናና ወደ ከምባታ ስለ መጓዝ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዓለም ገና፣ በቡታጅራና በወራቤ በኩል ወደ ሆሳዕና የሚሄድ መንገደኛ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። አገሩ የባለቤቴ የትውልድ አገር ስለ ሆነ ይህን መንገድ አያሌ ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። ስለ ተራራውና ስለ እንሰቱ፣ ስለ ገበያውና ስለ ሰዉ ደግነት ከእኔ የተሻሉ ጸሐፊዎች ጽፈዋል፤ እኔ ግን ዛሬ ከመኪናችን ተሳፋሪዎች ስለ አንዱ ብቻ ለመጻፍ አስቤአለሁ፤ እርሱም ቡቺ የሚባለው ውሻችን ነው።

ከክቡራን አንባቢዎች አንዳንዶቹ «ለውሻ ደግሞ ምን መኪና ያሻዋል?» ይሉ ይሆናል፤ እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲሁ እል ነበር። ባደግሁበት ቤት ውሻ በደጅ ያድራል፤ ትርፍራፊ ይበላል፤ ሌባና ጅብ ያባርራል፤ ከዚህ ሌላ ወግ አልነበረውም። ነገር ግን በቄስ ትምህርት ቤት ሳለሁ መጽሐፈ ጦቢትን ሳነብ፣ ጦብያ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋራ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ውሻው አብሮ እንደ ተከተለው አይቼ ነበረና ነገሩ ጨርሶ እንግዳ አይደለም። ወደ እኛ ዘመን ቀረብ ስንልም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የምትባል ትንሽ ውሻ እንደ ነበረቻቸው ብዙ ሰው ያውቃል።

እኛን ግን ወደዚህ ነገር ያመጣን ክብርም ጥቅስም አይደለም፤ ችግር ነው። ለበዓል ቤታችንን ዘግተን ስንሄድ ውሻውን የሚጠብቅልን አልተገኘም። አንድ ጊዜ ለሰፈር ዘበኛ አደራ ሰጥተን ብንሄድ፣ ውሻው የቀረበለትን እምቢ ብሎ ከስቶ ጠበቀን። ከዚያ ወዲህ የዘጠኝ ዓመት ልጄ «ቡቺ ካልሄደ እኔም አልሄድም» አለች፤ እናቷም ዝም አለች፤ የእናቷ ዝምታ በቤታችን ይግባኝ የሌለው ፍርድ ነው።

የመጀመሪያው ጉዞአችን በጥር ወር ነበረ። ስለ ውሻ ጉዞ የማውቀው አንዳች ነገር አልነበረም፤ የማላውቅ መሆኔንም አላወቅሁም። ቡታጅራ ስንደርስ ምሳ ለመብላት መኪናውን ከአንድ ምግብ ቤት ፊት ለፊት አቆምሁ፤ ሌባ እፈራ ስለ ነበረም መስኮቶቹን ሁሉ ዘጋሁ። ፀሓዩ እንደ ቆላ ፀሓይ የሚያቃጥል አልነበረም፤ ነፋስም ይነፍስ ነበር፤ እኔም ኮቴን አላወለቅሁም። ያዘዝነው ምግብ ገና ሳይቀርብ አንድ ጫማ የሚጠርግ ልጅ እስከ ጠረጴዛችን ድረስ ገብቶ «ጋሼ፣ ያ ነጭ መኪና የርስዎ ነው? ውሻው ሊሞትብዎ ነው» አለኝ።

ሮጠን ስንወጣ ቡቺ በኋላው ወንበር ላይ ተዘርግቶ፣ ምላሱ ቀልቶ ወደ ውጭ ወጥቶ፣ ጎኑ እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ልጄ ጩኸቷን አቀለጠችው፤ እኔም ቁልፉን ከኪሴ ስፈልግ እጄ ተንቀጠቀጠ። በሩ በተከፈተ ጊዜ ከውስጥ የወጣው ሙቀት የምድጃ ሙቀት ይመስል ነበር። ጫማ ጠራጊው ልጅ የእኔን ትእዛዝ አልጠበቀም፤ ውሻውን አቅፎ ወደ ግድግዳው ጥላ ወሰደውና ለሥራው የያዘውን ውሃ በሆዱና በእግሮቹ ላይ አፈሰሰበት፤ በካርቶን ክዳንም ያራግበው ጀመር። ከሩብ ሰዓት በኋላ ቡቺ ራሱን ቀና አድርጎ ውሃ ላሰ። ለልጁ ገንዘብ ብዘረጋለት «ጫማዎን ልጥረግልዎና የዚያን ይከፍሉኛል» አለኝ። ተቀመጥሁለት። ሲጠርግም ቀና ብሎ ሳያየኝ «መስኮቱን ለምን ዘጉበት?» ብሎ ጠየቀኝ። በችሎት ቁጭ ብዬ የብዙ ሰው ጥያቄና መልስ ጽፌአለሁ፤ ለዚያ ልጅ ግን የምመልሰው ቃል አጣሁ።

በኋላ አንድ የእንስሳት ሐኪም እንዳስረዳኝ፣ በውጭ ያለው አየር 21 ዲግሪ ብቻ ሲሆን የተዘጋ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ 32፣ በግማሽ ሰዓት 40፣ በአንድ ሰዓት 45 ዲግሪ ይደርሳል። የፀሓይ ብርሃን በመስተዋቱ ይገባል፤ ሙቀቱ ግን መውጫ አያገኝም። መስኮቱን ጣት ያህል ከፈት ማድረግም እምብዛም አይረዳም። ሰው በመላ አካሉ ያልበዋል፤ ውሻ ግን በእግሩ መዳፍ ብቻ፣ ያውም በጥቂቱ ስለሚያልበው ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው፤ የሚተነፍሰው አየር ራሱ የጋለ እንደሆነ ማለክለኩ ከንቱ ይሆናል። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ የፈረንጅ ውሾችማ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድመው ይጎዳሉ። ስለዚህ የደጋ ሰው «አገሬ ቀዝቃዛ ነው» ብሎ አይታለል። ሙቀት የመታውን ውሻ ወዲያው ወደ ጥላ ማውጣት፣ በረዶ ያልሆነ ቀዝቃዛ ውሃ በሆዱና በእግሮቹ ማፍሰስ፣ ማራገብ፣ የሚጠጣውንም ጥቂት በጥቂት መስጠት፣ ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። ጫማ ጠራጊው ልጅ ይህን ማን እንዳስተማረው አላውቅም። ዛሬ በመንገድ ስንበላ እኔና ባለቤቴ ተራ እንገባለን፤ አንዳችን ስንበላ አንዳችን ውሻውን ይዘን ከጥላ እንቆማለን።

በመኪናው ውስጥ የሚቀመጥበት ስፍራም ያው አላዋቂነቴ ያመጣብኝ ሁለተኛ ፈተና ነበረ። በመጀመሪያ ልጄ በጭኗ ይዛው ራሱን በመስኮት አውጥቶ ነፋስ ይቀበል ነበር፤ ደስ ያሰኘዋልና ዝም አልን፤ ማታ ግን ዓይኑ አቧራ ገብቶበት ያለቅስ ጀመር። ሌላ ጊዜ መሪ ይዤ ሳለሁ በወንበሮቹ መካከል ሾልኮ ወደ እግሬ ወረደ፤ በፊታችን አህያ ተሻገረችና ፍሬን ልረግጥ ስል የረገጥሁት የውሻውን ጀርባ ነው። አህያይቱ በራሷ ብልሃት ዳነች እንጂ በእኔ ነጂነት አልዳነችም።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከአንድ ነገር ጋራ ተጋጭቶ ድንገት ቢቆም፣ በውስጡ ያልታሰረ ፍጥረት የሚያገኘው ምት ከ10 ሜትር ከፍታ ወድቆ መሬት እንደ መምታት ነው። ውሻው ይሞታል፤ ሲወረወርም በፊቱ የተቀመጠውን ሰው ይገድላል። ስለዚህ አሁን ቡቺ የሚጓዘው ቆሞ ሊዞርበትና ሊተኛበት በሚበቃ፣ ዙሪያው አየር በሚያስገባ ጠንካራ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ሣጥኑም በኋላው ወንበር ላይ በቀበቶ ይታሰራል። ሣጥን የማይመቸው ሰው በደረትና በትከሻ የሚታሰር ጠፍር ገዝቶ ከመኪናው ቀበቶ ጋራ ያያይዘው፤ በአንገቱ ማሠሪያ ብቻ የታሰረ ውሻ ግን መኪናው ባንገራገጨ ጊዜ ይታነቃል። ከፊት ወንበር ማስቀመጥም አይገባም፤ በግጭት ጊዜ የሚነፋው የአየር ከረጢት ለሰው ቁመት የተሠራ ነው። ውሻው ሣጥኑን እስኪለምድ ድረስ ወር ያህል ፈጀብን፤ አስቀድመን በቤት ውስጥ ምግቡን በሣጥኑ ውስጥ ሰጠነው፤ ቀጥሎ በቆመ መኪና ተቀመጠ፤ ከዚያም እስከ ሰበታ ወስደን መለስነው። ልጄ ይህን ሁሉ በደብተሯ ጻፈች፤ ጸሐፊነት በዘር ይወረሳል መሰለኝ።

ስለ ምግቡ ደግሞ እመቤቶች ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ። ውሻ ከመነሣቱ ከ3 ወይም ከ4 ሰዓት በፊት ጥቂት ብቻ ይብላ፤ ጠግቦ የተነሣ ውሻ ቡታጅራ ሳይደርስ ያስታውካል። ለስንቅ የያዝነውን ወጥ ማካፈል ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን ሽንኩርት፣ ቀዩም ነጩም፣ የውሻን ደም ይጎዳል፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ይሾልና አንጀት ይቀዳል። ቸኮሌትም ለውሻ መርዝ ነው። በአገራችን በበዓል ቀን በግ ሲታረድ ሳንባውንና ጉበቱን ጥሬውን ለውሻ መወርወር የቆየ ልማድ ነው፤ ከዚያ የሚገኘው ትል በውሻው አንጀት አድጎ፣ እንቁላሉ ከኵሱ ጋራ ወጥቶ በልጆች እጅና በአትክልት በኩል ወደ ሰው ይገባና በጉበትና በሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ያወጣል። እኛ ቅቅል ሥጋና ሩዝ በሣህን ይዘን እንሄዳለን፤ ውሃውንም ከቤት እንቀዳለን።

በመንገዱ ላይ በየሁለት ሰዓቱ መቆም ለውሻም ለልጅም ይበጃል። አዋሽን በመልካ ቁንጥሬ እንሻገራለን፤ ከዚያ ወዲያ የጢያ ትክል ድንጋዮች አሉ፤ እነርሱም 36 ሲሆኑ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ወደ ድንጋዮቹ ስንገባ ውሻው ከአንዳችን ጋራ በውጭ ይቀራል፤ መቃብር ነውና፣ ውሻም ድንጋይ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። ከቡታጅራ አልፎ ሐረ ሸይጣን የሚባለው ሐይቅ ደግሞ ዙሪያው ገደል ስለ ሆነ ማሠሪያውን በእጅ ጠምጥሞ መያዝ ያሻል። በስልጤ አገር፣ በወራቤና በአካባቢዋ፣ ሰዉ አብዛኛው እስላም ነው፤ በሃይማኖታቸው ሥርዓት ውሻ አፉን ያገባበት ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱንም በአፈር ይታጠባል። ስለዚህ የውሻውን ሣህን ከራስ ይዞ መሄድ እንጂ ከምግብ ቤት ዕቃ መለመን ነውር ነው። የእኛም ቤተ ክርስቲያን ቢሆን ውሻን ከቅጽሯ አታስገባም። ውሻ ይዞ የሚሄድ ሰው የሌላውን ሰው ሥርዓት ይዞ መሄዱን ከረሳ፣ ከነውሻው ቤቱ ቢቀመጥ ይሻለዋል።

ሆሳዕና ቀድሞ ዋቸሞ ትባል ነበር፤ ዩኒቨርሲቲዋም በዚሁ ስም ይጠራል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት መቀመጫው ሆነችና ከተማይቱ ከዚያ ወዲህ ሞቅ ብላለች፤ ሦስት እግር ያለው ባጃጅ መንገዱን ሞልቶታል፤ ቡቺም ባጃጅ ባየ ቁጥር ይጮኻል። የሐዲያ አገር ከቤተ መንግሥት ጋራ ያለው ዝምድና ጥንታዊ ነው፤ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት ንግሥት እሌኒ የሐዲያው ገዢ ልጅ ነበሩ። እኔም ከዚያው አገር ማግባቴን ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህን ምሳሌ እጠቅሳለሁ።

አማቴ የሰባ ዓመት ባልቴት ናቸው። መኪናችን ከደጃቸው ሲቆም በእልልታ ወጥተው ልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን ሳሙ፤ ሣጥኑ ሲወርድ ግን ወደ ኋላ አፈገፈጉና በሀድይኛ ለባለቤቴ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብለው «ልጄ፣ ይህ ውሻ ከግቢዬ አይገባም» አሉኝ።

ተቈጣሁ፤ አልዋሽም። ይህን ሁሉ መንገድ ተጠንቅቄ ያመጣሁት ውሻ ከደጅ ሊመለስ ነው። የክትባቱን ወረቀት ከቦርሳዬ አውጥቼ «እማማ፣ ይህን ይመልከቱ፤ ሐኪም ፈርሞበታል» አልኋቸው።

«ወረቀቱን ውሻው ያውቀዋል?» አሉ።

ከዚያም ተቀምጠው ነገሩኝ። ልጅ ሳሉ የጐረቤታቸውን ወንድ ልጅ ውሻ ነከሰው። ቁስሉ ትንሽ ነበረ፤ ዳነም፤ ሰዉም ረሳው። ከሁለት ወር በኋላ ልጁ ውሃ ባሳዩት ቁጥር ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ በአራተኛው ቀን ሞተ። «ጩኸቱን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ» አሉኝ። ያን ጊዜ ቍጣዬ ወዴት እንደ ሄደ አላውቅም።

እውነታቸውን ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከንክሻው ስፍራ በጅማት በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይሄዳል፤ ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጅበታል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚተርፍ ሰው የለም ለማለት ይቻላል። መድኃኒቱ ከምልክቱ በፊት ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠብ፤ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት ይጀምር። ሉዊ ፓስተር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ይህን ክትባት በመጀመሪያ የሰጠው ጆሴፍ ማይስተር ለሚባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረ፤ ልጁም ዳነ። ውሻ ከሦስት ወሩ ጀምሮ ይከተባል፤ በየዓመቱም ይደገምለታል፤ ክትባቱ እስኪሠራ ድረስ ጊዜ ስለሚያስፈልገው ከጉዞው አንድ ወር አስቀድሞ ቢሰጥ ይሻላል። ሕጉም ከአማቴ ጋራ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2071 እንደሚያዝዘው፣ እንስሳው በድንገት ከእጁ ቢያመልጥም እንኳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኀላፊ ነው። «አመለጠኝ» የሚለው መከራከሪያ አይረዳም።

ይህን ሁሉ ለአማቴ በባለቤቴ ተርጓሚነት አስረዳሁ። በመጨረሻ ታረቅን፤ ውሻው ከእንሰቱ ጥግ ይታሰራል፤ ወደ ቤት አይገባም፤ የሰፈሩ ልጆች ሳያስፈቅዱ አይነኩትም። ልጄ ከሣጥኑ አጠገብ በርጩማ ይዛ ተቀመጠችና ለሚመጣው ልጅ ሁሉ ሕጉን ታነብ ነበር።

በማግሥቱ ቤተሰባችንን ይዤ ወደ ከምባታ ወረድሁ። የአንጋጫና የዱራሜ አገር እንሰቱ እንደ ጫካ ነው፤ ቤቶቹ በውስጡ ተደብቀዋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የሐምበሪቾን ተራራ ለመውጣት 777 ደረጃ ተሠርቷል፤ እኔ ከመካከሉ ሳልደርስ ሦስት ጊዜ ተቀመጥሁ፤ ቡቺም ከጎኔ እየተቀመጠ ጠበቀኝ። በመንደር ስናልፍ ሦስት ውሾች ከአንድ ግቢ ወጥተው ከበቡን። መሮጥም መጮኽም አይገባም፤ ማሠሪያውን አሳጥሬ፣ ውሻዬን ከበስተኋላዬ አድርጌ ቀስ ብዬ ሄድሁ። ባለቤታቸው ገበሬ በፉጨት መለሳቸውና ሰላምታ ሰጠን። የእርሱ ውሾች ሌሊት ሌሊት እንሰቱን ከጃርትና ከከርከሮ ይጠብቁለታል። ቡቺን አተኵሮ አየውና «ጌታዬ፣ የእርስዎ ውሻ ምን ይጠብቃል?» አለኝ። ልጄ ቀድማኝ «እኔን» አለችው። ሰውየውም እንደ ትልቅ ነገር አድርጎ ራሱን ነቀነቀ።

በዚያው ሌሊት ሆሳዕና ተመልሰን ተኝተን ሳለ ጅብ ጮኸ። የሰፈሩ ውሾች ሁሉ ተነሡ፤ ከዚያ ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ከጩኸታቸው ይልቅ ያስፈራ ነበር። የከተማ ሰው በመሆኔ ይህን ጨርሶ አላሰብሁትም ነበር፤ ልቅ የሆነ ውሻ ይሸሻል፤ የእኔ ግን በሰንሰለት ታስሯል። ጫማዬን በጨለማ ስፈልግ የጓዳው በር ሲከፈት ሰማሁ። ወጥቼ ብመለከት አማቴ በነጠላቸው ተከናንበው፣ በአንድ እጃቸው መብራት በሌላው ዱላ ይዘው ወደ እንሰቱ ሲሄዱ አየኋቸው።

«እማማ፣ ይመለሱ፤ እኔ አመጣዋለሁ» አልኋቸው።

«የታሰረ እንስሳ ለጅብ እንደ ቀረበ መሶብ ነው፤ ና ፍታው» አሉኝ። እኔ ስፈታ እርሳቸው መብራቱን ያዙልኝ። ቡቺ እየተንቀጠቀጠ ተከተለን። ወደ መኪናው ልወስደው ስል «ብርድ ነው» ብለው የማድ ቤቱን በር ከፈቱ።

በሦስተኛው ቀን ስንነሣ ሣጥኑን ለመጫን ብሄድ ወለሉ በደረቅ የእንሰት ቅጠል ተነጥፎ አገኘሁት። ማን እንዳነጠፈው ብጠይቅ አማቴ ፊታቸውን ወደ ደጁ አዙረው «የመኪናህ ወንበር እንዳይቈሽሽብህ ነው» አሉኝ።